ኢንስትሩመንቱ ይቅደም፣ ሁለት ሞተሩ ይቆይ

የደረሰን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። 25 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አሜሪካ ተምሬ ባለ አንድ ሞተር ኮሜርሻል ላይሰንስ (በክፍያ የማብረር ፈቃድ) አውጥቼ ተመልሻለሁ፤ የበረራ መዝገቤ፣ ሎግቡኬ፣ ላይ ያለው 262 ሰዓት ነው። ገንዘብ ስላለቀብኝ ኢንስትሩመንት ሬቲንጉን (ውጭ ሳይታይ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ፈቃዱን) ሳልወስድ ነው የመጣሁት። የምፈልገው የበረራ አስተማሪ መሆን ነው። ቤተሰቦቼ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ዙር ሊረዱኝ ተስማምተዋል። ጓደኞቼ ‹መጀመሪያ መልቲ ኢንጂን (የሁለት ሞተር ሬቲንግ) ያዢ፣ እንጀራ የሚሆነው እሱ ነው› ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቀጥታ ወደ አስተማሪነቱ ብገባ ገንዘቡ ይተርፈኛል ብዬ አስባለሁ። ከጣና ዳር ስላደግሁ ይሁን አላውቅም፣ ውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ሬቲንግም ያምረኛል። የትኛውን ልያዝ? የትኛውስ ይቅደም?»

መልስ

እኅታችን፣ ከጥያቄሽ ግማሹን ደንቡ ራሱ መልሶልሻል። ላይሰንስሽ የአሜሪካው የበረራ ባለሥልጣን ኤፍኤኤ የሰጠው ስለሆነ፣ ኢንስትሩመንት ሬቲንግ ሳትይዢ ለአውሮፕላን አስተማሪነት ፈተና መቅረብ አትችዪም። «ቀጥታ» ያልሽው መንገድ የለም። በአውሮፓው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እዚያ ወደ አስተማሪነት ኮርስ ለመግባት 10 ሰዓት የኢንስትሩመንት ሥልጠና ይበቃል፣ ከዚያም ውስጥ እስከ 5 ሰዓቱ መሬት ላይ በማሠልጠኛ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምክር የሚሰጡሽን ጓደኞች አስቀድመሽ በየትኛው አገር ሥርዓት እንደተማሩ ጠይቂያቸው። የሬቲንግ ክርክር አብዛኛው የሚነሣው ሁለት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ደንቦች እያወሩ ሳያውቁት ሲቀሩ ነው።

የኢንስትሩመንቱ መጓደል አስተማሪ ባትሆኚም ይጎዳሻል። ላይሰንስሽን ገልብጠሽ እዪው፤ ገንዘብ ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ይዘሽ ከ50 ናቲካል ማይል በላይ እንዳትሄጂና በሌሊት እንዳትበሪ የሚከለክል ገደብ ተጽፎበታል። ገደቡ የሚነሣው ሬቲንጉ ሲገባ ነው።

አሁን ሎግቡክሽን ዘርግተሽ ቁጠሪ። ለኢንስትሩመንት ሬቲንግ በአጠቃላይ 40 ሰዓት የኢንስትሩመንት ጊዜ ያስፈልጋል፤ በደመና ውስጥ የተበረረም ሆነ ዕይታ በሚከልል መነጽር የተበረረ ይቆጠራል። ከዚህ ውስጥ 15ቱን ማሠልጠን ያለበት የኢንስትሩመንት አስተማሪ ነው። ከባዶ አትጀምሪም፤ ለግል ላይሰንስ ቢያንስ 3፣ ለኮሜርሻሉ ደግሞ ቢያንስ 10 ሰዓት በመነጽሩ በርረሻል፣ ከ40ው ላይ ይቀነሱልሻል። የቀረሽ 27 ሰዓት አካባቢ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ያሠለጠነሽ ሰው የኢንስትሩመንት አስተማሪ ካልነበረ ሰዓቱ ከ40ው እንጂ ከ15ቱ አይቀነስም። እያንዳንዱ መስመር ላይ የፈረመውን ሰው የላይሰንስ ዓይነት ተመልከቺ።

በአዛዥነት የተበረረ 50 ሰዓት ክሮስ ካንትሪም (ከሜዳ ወደ ሜዳ የርቀት ጉዞ) ይጠየቃል። በአሜሪካው ደንብ በተለመደው በክፍል 61 መንገድ ኮሜርሻል ያወጣ ሰው ይህን በዚያው አሟልቶ ነው የሚመጣው። በክፍል 141፣ ማለትም በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት፣ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከሆነ ግን ላይሟላ ይችላልና በግምት አትለፊው። ሲቆጠር ደግሞ ከተነሣሽበት ቦታ በቀጥታ መስመር ከ50 ናቲካል ማይል በላይ ርቆ በሚገኝ ሜዳ ያረፍሽበት ጉዞ ብቻ ነው የሚገባው። ከባሕር ዳር ጎንደር 55 ያህል ስለሆነ ለጥቂት ያልፋል።

የቀረውን ሰዓት ለማርከስ ሁለት በር አለ። ዕውቅና ባለው መሠረታዊ ማሠልጠኛ መሣሪያ እስከ 10፣ የላቀ ደረጃ ባለው እስከ 20 ሰዓት ይያዝልሻል። ከ15ቱ የአስተማሪ ሰዓት የሚተርፈውን ደግሞ ቢያንስ የግል ላይሰንስ ካለው ጠባቂ አብራሪ ጋር ወጪ ተካፍላችሁ መብረር ትችያለሽ። ከኪራዩ ይልቅ ገንዘብ የሚበላው መቆራረጡ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚበር ተማሪ የእያንዳንዱን በረራ ግማሽ ያለፈውን በማስታወስ ይጨርሰዋል። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ በእጅሽ ሳይገባ ቲኬት አትቁረጪ፤ ከገባ በኋላ ደግሞ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ብረሪ። ከአስተማሪ ጋር የሚደረገው 250 ናቲካል ማይል የኢንስትሩመንት ጉዞ በየሜዳው አፕሮች (በመሣሪያ እየተመሩ ወደ ማረፊያ መውረድ)፣ በድምሩም ሦስት ዓይነት አፕሮች ይፈልጋል። ይህን በሥልጠናው መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ ለፈተናው ዝግጅት 3 ሰዓት ሥልጠና በመጨረሻዎቹ ሁለት የካላንደር ወራት ውስጥ ስለሚጠየቅ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይሆንልሻል።

ተማሪዎች ኢንስትሩመንት ላይ የሚወድቁት ባብዛኛው አፕሮች ላይ ይመስላቸዋል። ሥሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ዓይናቸው መሣሪያዎቹን የሚቃኝበት ልማድ ሳይጸና ወደ አፕሮች ተጣድፈው ይገባሉ። ከዚያ ሬዲዮው ሲጮኽ፣ ቻርቱ ሲገለጥ፣ ዓይን አንድ መሣሪያ ላይ ይተከልና ከፍታው 200 ጫማ ይሸሻል። የመጀመሪያዎቹን 8 ወይም 10 ሰዓታት ቀጥ ብሎ በመብረር፣ በመዞር፣ በመውጣትና በመውረድ፣ አንዳንድ መሣሪያም ተሸፍኖ አሳልፊያቸው። አሰልቺ ነው። ነገ ግን ተማሪሽ «ለምን ከፍታው አመለጠኝ?» ሲልሽ መልሱ እዚያ ሰዓታት ውስጥ ነው ያለው።

ባሕር ዳር ለዚህ ሬቲንግ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በስተምዕራብ ነው፣ ሐይቁ በሰሜን በኩል ተዘርግቷል። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ወደ ሐይቁ የሚነሣ አብራሪ ከማኮብኮቢያው መብራት እንደወጣ ከፊቱ የሚያየው ጥቁር ነገር ብቻ ነው፤ አድማስ የለም፣ የመሬት መብራት የለም። በዚያ ላይ አውሮፕላኑ ፍጥነት ሲጨምር የጆሮ ውስጥ ሚዛን «አፍንጫው ወደ ላይ ተነሣ» ብሎ ይዋሻል። መሣሪያ ማንበብ ያልለመደ ሰው እጁ ሳይታወቀው አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል፣ ወደ ውኃው ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ደንቡም የዕይታ በረራ የሚፈቅድበት ሌሊት ሊሆን ይችላል። ይህን ለተማሪ ማስተማር የሚችለው ራሱ በመሣሪያ መብረር የለመደ ሰው ነው።

ቀጥሎ አስተማሪነቱ። ሁለት የጽሑፍ ፈተና አለ፤ አንዱ የማስተማር መሠረታዊ ዕውቀት፣ ሌላው የበረራ ዕውቀት። ሁለቱንም ባሕር ዳር ሆነሽ አጥንተሽ መጨረስ ትችያለሽ፣ መፈተኑ ብቻ እዚያ ይሁን። ውጤታቸው ለ24 ወር ስለሚያገለግል ቀድሞ መፈተን አያከስርም። በአውሮፕላኑ ምድብና ክላስ 15 ሰዓት አዛዥነት የሚለው መስፈርት ለአንቺ በባለ አንድ ሞተር ዕዳው ገብስ ነው።

ሬቲንግ ሳይሆን ከሬቲንግ የሚበልጥ ነገር አለ፤ ስፒን፣ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ መውደቁ። ለአስተማሪነት ፈተና ስቶልን (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው) ማወቅ፣ ወደ ስፒን መግባትና መውጣት መማርሽን አስተማሪ በሎግቡክሽ ሊፈርምልሽ ይገባል። ደንቡ ሰዓት አልወሰነም፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ አንድ ስፒን ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ አድርገው ይፈርማሉ። በዚህ አትርኪ። ተማሪሽ ወደ ፋይናል (ወደ ማኮብኮቢያው ቀጥ ወዳለው የመጨረሻ መስመር) ሲዞር አሳልፎ በእግሩ ሲገፋ፣ ከመሬት በ500 ጫማ ላይ፣ የሚያድንሽ ፊርማው አይደለም። ቢያንስ ሁለት ሙሉ በረራ ስጪው፤ አንዱን ከተሳሳተ መታጠፊያ በሚጀምር ስፒን ላይ ብቻ። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ ጋዝ ወደ አይድል (ወደ ዝቅተኛው)፣ ኤለሮን (ክንፍ ማዘንበያው) መሐል፣ ራደር (በእግር የሚገፋው የጅራት መሪ) ከዙሩ በተቃራኒ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ ኤሌቬተር (አፍንጫ ማንሻና ማውረጃው) ወደ ፊት፤ ዙሩ ሲቆም ራደሩን መሐል መልሶ ቀስ ብሎ ከዳይቩ ማውጣት። ስህተት የሚፈጠረው ሰው በደመ ነፍስ ክንፉን በኤለሮን ሊያነሣ ሲሞክር ነው፤ ስፒኑ ይብስበታል።

ይህን ሥልጠና እዚያው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ጨርሰሽ ነይ። የተለመደው ባለ አንድ ሞተር ማሠልጠኛ፣ የሴስና 172፣ መመሪያ ስፒን ከመሬት በላይ 4,000 ጫማ ከመድረሱ በፊት እንዲያበቃ፣ ለአንድ ዙርም ቢያንስ 1,000 ጫማ እንዲታሰብ ይመክራል፤ ስለዚህ የሚጀመረው ከመሬት በላይ ከ5,000 ነው። ባሕር ዳር ሜዳው ራሱ ወደ 6,000 ጫማ ስለሚጠጋ ይህ ከባሕር ወለል በላይ 11,000 ይሆናል። በሞቃት ቀን እዚያ ያለው አየር ከ13,000 ጫማ በላይ ያለውን ያህል ይሳሳል። የ172 ኤስ የአገልግሎት ጣሪያ (ከዚያ በላይ መውጣት የሚያቅተው ከፍታ) 14,000 ነው፤ ለአንድ ስፒን ብሎ መውጣቱ ብቻ ነዳጅና ትዕግሥት ይጨርሳል። በተጨማሪም በ172 ስፒን የሚፈቀደው በዩቲሊቲ ምድብ (በቀለለው) ክብደት፣ የኋላ ወንበር ባዶ ሆኖ፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ተሰብስቦ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ስፒን የተፈቀደለት አውሮፕላን እንዳለው ሳትጠይቂ አትመዝገቢ።

ኮርሱን ከመጀመርሽ በፊት ከቀኝ ወንበር ከ5 እስከ 10 ሰዓት ብረሪ፤ የትምህርት ቤቱ ኢንሹራንስ መፍቀዱን ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ። እጆችሽ ይለዋወጣሉ፣ ግራው ጋዙን ቀኙ ዮኩን (መሪውን) ይይዛል፤ የፍጥነት መለኪያውንም ከጎን ስለምታነቢው ትንሽ ይዋሻል። ብዙ ሰው ከቀኝ ሲያርፍ ከመሐል መስመር ወጥቶ፣ አፍንጫውን አጣሞ ነው የሚነካው። በአስተማሪ ዋጋ ይህን መማር ብክነት ነው።

የአስተማሪነት ፈተናውን እንዳለፍሽ፣ ወደ አገር ቤት ከመመለስሽ በፊት፣ የኢንስትሩመንት አስተማሪነቱን ጨምሪበት። በአጠቃላይ ሒሳቡ ከዚህ የሚረክስ የለም። በኤፍኤኤ ለዚህ ተጨማሪ የሰዓት ክምችት አይጠየቅም፤ አንድ የጽሑፍ ፈተናና አንድ የተግባር ፈተና ነው፣ ዕውቀቱም ገና ትኩስ ነው። በአውሮፓው ሥርዓት ለዚሁ 200 ሰዓት የኢንስትሩመንት በረራ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ውስጥ እስከ 50 በመሬት መሣሪያ። ዛሬ በጥቂት በረራ የምታገኚው ነገ በሌላ ሥርዓት ዓመታት ሊወስድብሽ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ኢንስትሩመንት ሬቲንግ በወረቀት አይሞትም፣ በልምምድ ግን ይሞታል። በ6 ወር ውስጥ 6 አፕሮች፣ ሆልዲንግ (ተራ እየጠበቁ በአየር ላይ መዞር) እና መስመር መያዝ ካልሠራሽ በመሣሪያ መብረር አትችዪም፤ ሌላ 6 ወር ካለፈ ደግሞ ከፈታኝ ወይም ከኢንስትሩመንት አስተማሪ ጋር የብቃት ፍተሻ ግድ ይሆናል። ባሕር ዳር ተመልሰሽ አውሮፕላን ካጣሽ ሬቲንግሽ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሥልጠናሽ ማብቂያ ከሥራ ፍለጋሽ ጋር እንዲገጥም የምንወተውትሽ ለዚህ ነው።

አሁን ጓደኞችሽ ወዳሉት ሁለት ሞተር። አየር መንገዶች እንደሚፈልጉት አይካድም። ለአስተማሪነት ግን አሁን አይጠቅምሽም፣ ያውም በሦስት ምክንያት። አንደኛ፣ ሬቲንጉን ማግኘትና እሱን ማስተማር ሁለት ነገር ነው። ሬቲንጉ የሰዓት ወለል የለውም፣ በጥቂት ቀን ያልቃል። የባለ ሁለት ሞተር አስተማሪ ለመሆን ግን በባለ ሁለት ሞተር 15 ሰዓት አዛዥነት ያስፈልግሻል፣ ተማሪ ለማስተማርም በዚያው ሠሪና ሞዴል 5 ሰዓት። የነዳጁ ሒሳብ ሁለት እጥፍ ነው፣ ኢንሹራንሱም ልምድ ለሌለው አያከራይም። ሁለተኛ፣ ከኢንስትሩመንቱ በፊት ከያዝሽውና ኢንስትሩመንቱን በኋላ በባለ አንድ ሞተር ከተፈተንሽ፣ በሁለት ሞተሩ ላይ ያለሽ መብት በዕይታ በረራ ብቻ ተወስኖ ይቀራል፤ ለማስነሣት እንደገና በሁለት ሞተሩ አውሮፕላን፣ አንዱ ሞተር እንደጠፋ ሆኖ፣ አፕሮች ማሳየት አለብሽ። ሁለቴ መክፈል ነው።

ሦስተኛው ለደጋ አገር አስተማሪ ከሁሉም ይከብዳል። ብዙ ሰው ሁለተኛው ሞተር መድን ይመስለዋል። በማሠልጠኛነት የሚታወቀው ፓይፐር ሴሚኖል በአንድ ሞተር የሚደርስበት የአገልግሎት ጣሪያ 3,800 ጫማ ገደማ ነው። የባሕር ዳር ሜዳ መሬቱ ራሱ ከዚያ ከ2,000 ጫማ በላይ ከፍ ይላል። አንዱ ሞተር ከጠፋ አውሮፕላኑ ከፍታ አይይዝም፣ መውረድ ነው፤ የቀረው ሞተር መውረጃውን ያረዝመዋል እንጂ አያስቀረውም። ሌላም አለ። አንድ ሞተር ጠፍቶ አቅጣጫ መቆጣጠር የሚቻልበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ቪኤምሲ የሚሉት፣ ሞተሩ በሳሳ አየር ጉልበት ሲያጣ እየቀነሰ ይሄዳል። በመለኪያው የሚታየው የስቶል ፍጥነት ግን ባለበት ነው። ከፍ ባልሽ ቁጥር ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ እስከ መገናኘትም ይደርሳሉ። በዝቅተኛ ቦታ የተማረ አስተማሪ ተማሪውን ይዞ ማሳያውን ሲያደርግ አፍንጫው ወደ ጎን መሸሽ እስኪጀምር ይጠብቃል፤ እዚህ ግን የሚቀድመው ስቶል ነው፣ አንዱ ሞተር ሙሉ ጉልበት ላይ ሆኖ። ያ ወደ ስፒን መግቢያ በር ነው። ይህን የምታስተምሪው በሁለት ሞተር ላይ የራስሽ ሰዓት ሲኖርሽ ብቻ ነው። በአንድ ሞተር 200ና 300 ሰዓት አስተምሪ፣ ከዚያ ምናልባት ቀጣሪሽ ራሱ ያስይዝሻል።

ስለ ውኃው አውሮፕላን፦ ደስ ይላል፣ ውሰጂ ብንልሽ ደስ ይለን ነበር። በኤፍኤኤ የጽሑፍ ፈተና የለውም፣ የሰዓት ወለልም የለውም፣ በጥቂት ቀን ያልቃል። ነገር ግን ፍሎት (በጎማ ፈንታ የሚገጠመው ተንሳፋፊ) ክብደትና ጎታች ነው፤ ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,790 ሜትር ገደማ ነው፣ በቀትር ሙቀት ከውኃው ለመላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከሞተሩ ላይ ተቀንሶ ይጠብቅሻል። ለአሁኑ ገንዘብሽን አይገባውም። የቴይል ዊል (ሦስተኛ ጎማው ጅራቱ ሥር የሆነ አውሮፕላን) ፊርማ እግርን ያስተካክላል፣ ርካሽ ካገኘሽ ጥሩ። ከ200 ፈረስ ጉልበት በላይ ላለው ሞተር የሚያስፈልገው ፊርማ ትምህርት ቤቱ ሴስና 182 ካለው ይጠቅማል፣ ከሌለው ተዪው። የሚታጠፍ ጎማ ያለው አውሮፕላን ለአስተማሪነት ፈተና ግድ መሆኑ በ2018 ቀርቷል፤ አሁንም «ግድ ነው» የሚልሽ ሰው አሮጌ ነገር ነው የሚነግርሽ።

ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የፈቃድ ክፍል ሄደሽ፣ የውጭ አስተማሪነት ሬቲንግ እንዴት እንደሚቀበሉና ምን ተጨማሪ ፈተና እንዳለ በጽሑፍ ጠይቂ። በኢትዮጵያ በተመዘገበ አውሮፕላን ላይ ለማስተማር የአሜሪካው ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ ባለሥልጣኑ ሊያረጋግጠው ወይም ሊለውጠው ይገባል። ላይሰንስ፣ የሕክምና ሰርተፊኬት፣ የእንግሊዝኛ ብቃት ደረጃ፣ ሎግቡክ በየገጹ ተደምሮ ይዘሽ ሂጂ። ያልተደመረ ሎግቡክ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁለቴ ነው የሚመላለሰው።

የአሜሪካው የአስተማሪነት ካርድ ከታኅሣሥ 2024 (እንደ ፈረንጆቹ) ወዲህ የማብቂያ ቀን አይጻፍበትም፣ ግን በየ24 ወሩ ልምድሽን ማደስሽ አልቀረም። ተማሪ ባይኖርሽ በኢንተርኔት የሚሰጥ የማደሻ ኮርስ አለ፤ ከባሕር ዳርም ይሠራል።

እስከዚያው ገንዘቡ ሲጠራቀም ባዶ እጅሽን አትቀመጪ። የአስተማሪነት ፈተና ግማሹ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማስረዳት ነውና የትምህርት ዕቅዶችሽን በራስሽ ሜዳ ቁጥር ጻፊ። አንዱ ይህ ይሁን፦ ሜዳው 6,000 ጫማ ቢባል መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው። በመጋቢት ቀትር 28 ቢሆን ልዩነቱ 25 ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ሲታሰብ 3,000 ይጨመርና አውሮፕላኑ 9,000 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይበራል። የሞተሩ ጉልበት አንድ አራተኛ ገደማ ይጎድላል። ሚክስቸሩን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን የነዳጅ መጠን መቆጣጠሪያ) ሙሉ ገፍቶ የሚነሣ ተማሪ ደግሞ ከቀረው ላይ ሌላ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ከፍተኛው አርፒኤም (የሞተር ዙር) እስኪገኝ ድረስ ነዳጁን ማሳሳት አለበት። በ65 ኖት ሲያርፍ እውነተኛ ፍጥነቱ ወደ 75 ይጠጋል፤ መሬቱ ሲሮጥበት ደንግጦ አፍንጫውን ካነሣ ስቶል ነው።

ሌላው ዕቅድሽ ከባሕር ዳር ጎንደር ይሁን። ቀጥታው መስመር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ውኃ ላይ ያልፋል። 172 ሞተሩ ቢጠፋ በእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 1.5 ናቲካል ማይል ያህል ይንሳፈፋል። በ9,500 ጫማ ብትበሪ ከሐይቁ በላይ ያለሽ 3,600 ነው፤ ነፋስ ባይኖርም የሚደርስሽ 5 ናቲካል ማይል ተኩል ብቻ ነው። ከሐይቁ መሐል ዳር አትደርሺም። በምሥራቁ ዳርቻ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ዞሮ መሄድ ስንት ደቂቃና ስንት ሊትር እንደሚጨምር አውጪና ከጎኑ ጻፊው። ፈታኙ «ለምን ይህን መስመር መረጥሽ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ወረቀቱን አዙረሽ ታሳዪዋለሽ።

የሕክምና ሰርተፊኬትሽ ቀን ስንት እንደቀረው ዛሬውኑ እዪ። ከ40 ዓመት በታች ላለ አብራሪ የመጀመሪያ ደረጃው ለኮሜርሻል በረራ የሚያገለግለው 12 ወር ነው፣ ለሥልጠናና ለፈተና ግን 60 ወር ይቆያል፤ ይህም ሥልጠናው መሐል ላይ ካለቀ ሶሎም ፈተናም አይኖርም።